አንድ ጭረት

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣
የጣሃ አባ ፊጣ ማተሚያ አለችበት፤
ደረሰኝ፣ የእድር ካርኒ፣ የሰርግ ጥሪ ታትማለች፣
ነሐሴ ሲመጣ እንደ አሮጊት ታስላለች።
እኔ ፊደል ለቃሚው ነኝ፤ አስራ አራት ዓመቴ፣
የሰው ሙሽራ ስም ነው ምሳና እራቴ።

አንድ ማለዳ ጣሃ የዓመቱን ሒሳብ ደመረ፣
ኪሳራውን አየና ስለ ግጥም ማውራት ጀመረ።
«ውድድር እናውጅ» አለ፤ «ሃያ አራት ገጽ፣ መቶ ቅጂ፣
ብር አይደለም ሽልማቱ፣ መጽሐፍ ነው እንጂ።»
ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ከሰርግ ካርድ በተረፈ
ቢጫ ወረቀት፣ እስከ ሂርማታ፤
ዝናቡ ግማሹን በማግስቱ ገፈፈ።
ሕጉ አጭር ነው፦ ረቂቁ ላይ ስም የለም፤
ስም በሌላ ፖስታ፣ ታሽጎ፤ ዳኛ አያይም።

ሠላሳ ሰባት መጣ።
የአጋሮው መምህር ቀይ እስክሪብቶ ጨርሶ፣
የሰቃው ጡረተኛ ጉልበቱን በአርባ ስንኝ ከስሶ፤
አንዱ ቤት እየመታ ብድር ጠየቀን፣
አንዷ ዳር ዳሩን አበባ ስላ መሐሉን ባዶ ላከችልን።
ሁሉንም ለቀምኩ፣ አንድ ዓይነት ፊደል አለበስኩ፣
የማንም እጅ እንዳይታወቅ አድርጌ ለዳኛው አደረስኩ።

አንደኛው ግን በሌሊት በበር ስር ሾልኮ ገባ፣
ዝናብ የጠጣ ደብተር፣ ሰማያዊ ቀለሙ የሚያነባ።
ገጽ አስራ አንድ ላይ አንድ ቃል ጉድ አደረገኝ፦
«አንተን ስጠብቅ ነ…»
የቀረውን ዝናቡ ወስዶታል።
«ነጋ» ይሆን? ወይስ «ነገ»?
መብራት ሄዶ ነበር፤ በሻማ አየሁት፣ በጀርባው አየሁት፣
ጭረቷ ትኑር አትኑር ጣቴን አስኬድኩበት።
«ነገ»ን መረጥኩ። ለምን እንደሁ እንጃ።
ደክሞኝ ይሆናል። ደስ ብሎኝም ይሆናል።

መምህር ሽብሩ ጋኖሬ፣ ዳኛችን፣ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣
ጃንጥላውን ሳያጥፍ ያንን ረቂቅ ከብብቱ አወጣ።
«ስንቱ ሲጠብቅ ነጋበት፤ ይቺ ግን አላነጋችም፤
‹ስጠብቅ ነገ› ብላ ተወችው!
እንዲህ ያለ ድፍረት በዕድሜዬ አላየሁም!»
እኔን ሳል ያዘኝ። ወጣሁ።

ፖስታው ተከፈተ። ውስጡ ስም የለም።
የራሳችን ካርኒ ነው፣ እኛው ያተምነው፣ ያልተሞላ፦
ስም ………………
ጣሃ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣
ሽፋኑንም እንዲያው አተመው፦
ስም ………………

«እኔ ነኝ» የሚል ሰባት ሰው መጣ፣ መጽሐፉ ገና ሳይወጣ፤
አንዱ እንደውም ጠበቃ ይዞ።
«ገጽ አስራ አንድን በቃልህ በልልን» ሲባል
ሁሉም ሄደ፣ ራሱን ይዞ።

ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት የወፍጮ ቤት ደረሰኝ ልታሳትም መጣች፣
ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ እንዳለ።
ሦስት ጥራዝ አዘዘች። ሒሳቡን እስክሠራ
ከመደርደሪያው አንዱን አነሳች፣
ገለጠች፣
ገጽ አስራ አንድ ላይ ቆመች፤
ከሻሿ ስር እርሳስ መዘዘች፣
«ገ»ን በአንዲት ጭረት «ጋ» አደረገች፣
እፍ አለችበት፣ ወደ ቦታው መለሰች።
«ቀብዱን በማን ስም ልያዘው?» አልኳት።
«በወፍጮ ቤቱ» አለች።

ለጣሃ አልነገርኩም። ለመምህር ሽብሩማ እንዴት ብዬ?
ያን ማታ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ፣ እርሳስ ቀርጬ።
ያልተሸጡት ሰማንያ አራት ነበሩ።
ጭረት። ጭረት። አንገቴ ደነዘዘ።
ሰማንያኛው ላይ ከቆርቆሮው በላይ አዛን ተሰማ፣
ቀጥሎ «አጋሮ! አጋሮ!» የሚል የረዳት ድምፅ።
የመጨረሻውን ቅጂ ሳልነካው ኪሴ ከተትኩት።
ስህተት ናት፣ አውቃለሁ።
ግን ያቺን «ነገ» እኔ ነኝ የጻፍኳት።